የእምድብሩ ሊስተር

ዛሬ እምድብር ገበያ የወጣ ሰው ወፍጮው እየሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው በሩ ላይ ሲደርስ ነው። በመብራት የሚዞረው ሞተር ድምፅ ከግድግዳው እምብዛም አያልፍም። በ1970ዎቹ ግን ወፍጮው መነሣቱን ለማወቅ ከመኝታ መውረድም አያስፈልግም ነበር። ቱክ-ቱክ-ቱክ የሚለው ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ እንሰቱን ሰንጥቆ፣ በጀፎረው፣ በሰፊው የመንደር መንገድ፣ ሽቅብ ወጥቶ እያንዳንዱ ጎጆ ይደርሳል። እናቶች ጆንያቸውን የሚያሥሩት እሱን ሰምተው ነው። ድምፁ የቀረ ቀን «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ተባብለው ወደ ሌላ ሥራቸው ይመለሳሉ።

እንዲያ የሚጮኸው ሳይታሰብበት አልነበረም። ከቆርቆሮው ክዳን በላይ ወጥቶ በቆመው የጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ አንዲት ጣሳ ታሥራ ነበር። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ጣሳዋ ትጮኻለች። በሌላውም የአገራችን ገጠር ወፍጮ ቤቶች እንዲህ ያለ ዘዴ ነበራቸው፤ ስልክ በሌለበት አገር ማስታወቂያው ይኸው ነው። ከጉመር ደጋ ገብስ ጭኖ የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱን ሳያጋምስ አህያውን ይንዳ ወይስ ይመልስ የሚለውን ይወስናል። ከአገና በኩል የሚመጣውም እንደዚያው።

ሞተሩ ሊስተር ነበር። በእኛው አገር በቸሃ ናፍታ ጠጥቶ እህል የሚፈጭ ሁሉ ሊስተር ይባላል፤ የእኛው ግን የምር ሊስተር ነው። ጎኑ ላይ በተመታችው ሰሌዳ የእንግሊዟ ከተማ የደርስሊ ስም ተጽፏል። ሮበርት አሽተን ሊስተር ኩባንያውን እዚያ ያቋቋመው በፈረንጆቹ 1867 ሲሆን፣ የእኛ ዓይነቱ፣ ውርጭ ውስጥም ቢያድር በእጅ ተዙሮ የሚነሣው የናፍታ ሞተር የወጣው በ1929 ነው። ከዚያ በኋላ መልኩን እምብዛም ሳይለውጥ እስከ 1987 ድረስ እዚያው እንግሊዝ ተሠራ። አንድ ሲሊንደር፣ 6 የፈረስ ጉልበት፣ በግራና በቀኝ ቮላኖ የምንላቸው ሁለት ከባድ የብረት መንኮራኩሮች። የፒስተኑ ወርድ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠጋል። በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ 325 ቱክታ ማለት ነው። የመኪና ሞተር በሺህ ሲቆጠር ጆሮ ተከትሎ አይደርስበትም። የሊስተሩን ግን እያንዳንዷን ምት ለይቶ መስማት ይቻላል፤ አንዷ ብትጎድል፣ አንዷ ብትደክም ወዲያው ትታወቃለች።

ሞተር ማስነሣት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ሞተሪስቱም ሥርዓቱን አያጓድልም። ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ለትልቁም ለትንሹም «ጋሼ ሞተሪስት» ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ገብቶ፣ ቁልፍ እያቀበለ ሙያውን በዓይኑ ሰርቆ፣ ከዚያ ወዳገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ ይመጣል። መጀመሪያ የዘይቱን ልክ ያያል፤ መለኪያ ዘንጓን መዝዞ ዘይቱን በሁለት ጣቱ መሐል ያሻሻል። የብረት ብናኝ ከተሰማው ያን ቀን ፊቱ አይፈታም።

ቀጥሎ ውሃው ነው። ውሃ ቀጂው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከሞተሩ አጠገብ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቆሟል፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች በሁለት ቱቦ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል። ፖምፓ የለው፣ ራዲያተር የለው፣ ማራገቢያ የለው። የሞቀው ውሃ ቀለል ስለሚል በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው በታችኛው ይገባል፤ እንዲሁ ሲዞር ይውላል። እኔን የሚመለከተኝ ግን ውሃው እየተነነ መጉደሉ ነበር። ጎድሎ የላይኛው ቱቦ አፍ ከተጋለጠ ዙረቱ ይቆማል፣ ሞተሩም ይግላል፤ ስለዚህ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ምንጭ። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ ካመጣሁ ጋሼ ሞተሪስት ዓይኔ እያየ ይደፋዋል። «ይሄ እኮ አንጀቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ አንተ ብትሆን ትጠጣዋለህ?» ይለኛል። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ከበርሜሉ የሚቀዳው ሙቅ ውሃ እግር መታጠቢያችን ስለነበር ብዙም አልቀየመውም።

ናፍታው በነጠላ ቁራጭ ተጠልሎ ነው የሚገባው። ከዕቃው ሥር የሚቀረውን ጥቂት አይነካውም፤ ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠብታ ውሃ ፖምፓው ውስጥ ከገባ ደግሞ ጦሱ ብዙ ነው። ከዚያ አየር ማስወጣት ይመጣል። የፊልትሮውን ቡሎን ላላ አድርጎ፣ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍታ እስኪወርድ ይጠብቃል። መልሶ ያጠብቅና የፖምፓውን ትንሽ ማንሻ በእጁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። በዚህ ጊዜ ማንም እንዲያወራ አይፈቅድም። የሚጠብቀው ከኖዝሉ ውስጥ ጥርርክ የምትል ድምፅ ነው። ጥርርክ ካለች ናፍታው ተበትኖ ተረጭቷል ማለት ነው። ዝም ካለች ወይም ጭልጭል ካለች ማኒቬላ መያዝ ጉልበት ማባከን ነው። ጎረምሶቹ ሞተር የማስነሣት ነገር ክንድ ላይ ያለ ይመስላቸውና ይህችን ሳይሰሙ ማኒቬላው ላይ ይረባረባሉ፤ ላባቸው ጠብ ሲል ጋሼ ሞተሪስት ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

ክንድ የሚያስፈልገው በመጨረሻ ነው። ቴስታታው ጎን ያለችውን ትንሽ መዘውር አጥብቆ ይዘጋል፤ አየሩ የሚታመቅበት ቦታ ሲጠብ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ናፍታውም በብርድ ጊዜም ይቀጣጠላል። ሞተሩ ሞቆ ሥራ ሲበዛበት መልሶ ይከፍታታል። የጭስ ቫልቩን ማንሻ አንሥቶ ቮላኖው ያለ ትግል እንዲዞር ያደርጋል፤ ማኒቬላውን ይሰካና ማዞር ይጀምራል። ቮላኖው ፍጥነት ሲይዝ ማንሻዋን ለቀቅ። ቱክ። ትንሽ ዝምታ። ቱክ… ቱክ። ነጭ ጭስ ቦለል ብሎ ይወጣል፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠራል። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ አውራ ጣትህ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን እንጂ እጀታውን እንዳትጨብጥ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ የጨበጠውን አንጓ ሰብሮ ነው የሚመለሰው። በእኛ ሰፈር በዚህ ሰበብ አንጓው ጠመም ብሎ የቀረ ሰው ነበረ፤ በሰላምታ ጊዜ ይታወቅ ነበር።

ሥራ ከተጀመረ በኋላ ጋሼ ሞተሪስት ሞተሩ አጠገብ አይቀመጥም። ወደ ማዶ ቡና ቤት ይሻገራል። ጨዋታው መሐል ድንገት ንግግሩን አቋርጦ «ቺንጋው ተንሸራተተ» ይልና ይነሣል። ሌሎቻችን የሰማነው ነገር የለም። እርጥብ በቆሎ ከገባ ሞተሩ ድምፁን ያወፍራል፤ ሬጎላቶሩ ናፍታ ይጨምርለታልና። ደረቅ ጤፍ ሲሆን ይቀለዋል። የወፍጮው አፍ ባዶ ሲቀር ሳቅ ያለ ይመስላል። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ የፖምፓው ዘንግ መንቀሳቀሻው ላይ ተጣብቋል፤ ናፍታ አጥቦ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። ጉምጉምታው ውስጥ ዶቅ ዶቅ የሚል ነገር ከተሰማው ግን ያጠፋዋል፤ የማንም ሰው እህል ግማሽ ላይ ይሁን ግድ የለውም። ያ የቢየላው ብሮንዚና ነው፤ አንድ ቀን ዝም ከተባለ ዋናውን ዘንግ፣ ኮሎውን፣ ይበላዋል። ነገሩን ለማረጋገጥ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ያሳርፈዋል። ከላይ የሚንኳኳውን ከታች ከሚንኳኳው የሚለየው እንደዚያ ነበር።

ጭሱን ደግሞ እናቶችም ያነቡት ነበር። ጥቁር ከሆነ ወይ ሥራው በዝቶበታል ወይ አየር አንሶታል። ሰማያዊ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻዎች አልቀው ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ከሰነበተ ናፍታው ሳይነድ እየወጣ ነው፤ እሱ የኖዝል ወይም የእመቃ ጣጣ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከደጃችን ቆማ ሰማያዊውን ጭስ ስታይ «የወፍጮው ማኅበር ዘንድሮም ፋሻ አልገዛለትም ማለት ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

አንድ የመስቀል ዋዜማ ሰሞን ሞተሩ እምቢ አለ። የአዲስ አበባ ሰው ገብቷል፣ አገሩ ሞልቷል፣ ጆንያው ከወፍጮ ቤቱ ደጅ እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ሞተሩ ይነሣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ አንዷን መትቶ አንዷን ይዘላል፤ እህል ሲገባበት ይሞታል። ጋሼ ሞተሪስት ማንሻዋን ከፍ ዝቅ አደረጋት። ጥርርክ የለም። ኖዝሉን ፈታ፣ ከቱቦው ጋር ውጭ ላይ መልሶ አሠረው፣ አፉን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ልጆች፣ ዞር በሉ! ቆዳ ይበሳል!» ብሎ ጮኸና ፖምፓውን መታ። እንደ ጉም መበተን የሚገባው ናፍታ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈ። ከውስጡ እርሳስ የምታክል መርፌ አወጣ፤ አጠባት፣ በምላሱ ዳር ነካ አድርጎ ተፋ፣ እንደገና አጠባት። የናስ ሽቦ አሹሎ ቀዳዳውን ጠረገ። ከዚያ መርፌዋን ወደ ቤቷ መልሶ ኖዝሉን በእጁ ዘንበል አድርጎ ያዘ። መርፌዋ በገዛ ክብደቷ፣ ሳትንጠለጠል፣ ዝግ ብላ ወርዳ ማረፍ አለባት። መሐል ላይ ቆመች። አውጥቶ አጠበ። እንደገና መሐል ላይ ቆመች። የተሰለፈው ሰው ሁሉ በዚያች መርፌ ላይ ዓይኑን ተክሏል። በመጨረሻ ሸርተት ብላ ወርዳ ቂው ስትል ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ኖዝሉ ሥር የምትገባው የመዳብ ቀለበት ብዙ ጊዜ ተጨምቃ ጠንክራለች፤ አዲስ የለም። ቀለበቷን በፒንሳ ይዞ ወደ ማዶ ቡና ቤት ተሻገረ።

«እቴ፣ ከሰልሽን ላንዴ ልዋስሽ።»

«ተዋስ፤ ቡናዬን ናፍታ ናፍታ እንዳታሸተው እንጂ ጋሼ።»

ቀለበቷ ፍም መሐል ገብታ ቀላች። አውጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተታት። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ይለሰልሳል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጠባዩ ነው» አለኝ፤ ኋላ ከመጽሐፍ ካገኘሁት ማብራሪያ የተሻለ ባይሆንም ለዚያ ቀን በቂ ነበር። ሊስተሩ ከቀትር በፊት ተነሣ። ጣሳዋ ስትጮኽ ከማዶ ጎጆዎች ጆንያ የያዘ ሰው እንደገና መውረድ ጀመረ።

በከሰል የማይመለስ ዕቃ ሲሆን ጉዳዩ ወደ መርካቶ ይሄዳል። ያለቀው ፋሻ ወይም የተቃጠለው ጓርኒሲዮን ለናሙና በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ የአገር ልጅ ስም ተጽፎ ለአውቶቡስ ሾፌር ይሰጣል። አውቶቡሱ በወልቂጤ አድርጎ፣ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። የአገር ልጁ ናሙናውን ይዞ ሶማሌ ተራን ከሱቅ ሱቅ ያስሳል፤ ከተገኘ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል። ካልተገኘ ቅራቅምቦ ውስጥ ወደሚቆፈርበት ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ዋጋውን ለመስቀል ሲመጣ ይቀበላል፤ ብዙ ጊዜም «ለአገሬ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሲሊንደሩ ተበልቶ ረቲፊካ መግባት ያለበት ጊዜ ግን ያ ሁሉ ብረት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጫናል። ያን ጊዜ ቸሃ ጸጥ ይላል፤ እናቶችም የተዉትን ወፍጮ፣ መጁንና ድንጋዩን፣ ከጓዳ ያወጣሉ። ከሁሉም በላይ ሊስተሩን ያስወደደው ይህ ይመስለኛል። ተንበርክኮ መፍጨትን የሚያውቅ ትውልድ ገና በሕይወት ነበር።

የሞተር ወፍጮው ድንጋይ ነገርም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ጋሼ ሞተሪስት የላይኛውን ድንጋይ በሰው ኃይል አስገልብጦ፣ ዓይኑን በጨርቅ ጋርዶ፣ በመውቀሪያ ከመሐል ወደ ዳር ቦይ ቦይ ያወጣለታል። በተወቀረ ማግሥት የሚፈጨው ዱቄት አሸዋ ይኖረዋል፤ ስለዚህ ማንም ቀዳሚ መሆን አይፈልግም፤ ወረፋው ወደ ኋላ የሚጋፋበት ብቸኛ ቀን ነበር። ከዚያ የሚብሰው የበርበሬ ቀን ነው። ከቡታጅራ ማዶ የሚመጣው የማረቆ በርበሬ ወፍጮው አፍ ውስጥ ሲወርድ ሞተሪስቱም፣ ተራ ጠባቂውም፣ በደጅ የሚያልፈው ቄስም ያስነጥሳል። ከበርበሬ ቀጥሎ ጤፍ የደረሰባት ሴት ለሳምንት ቀይ እንጀራ ትበላለች።

ወፍጮው በዚያ ዘመን የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ንብረት ነበር። ገንዘቡ በደረሰኝ ይገባል ይባላል፤ ዱቤው ግን የሚጻፈው በሩ ላይ በከሰል ነው። ለእያንዳንዱ ቁና አንድ ጭረት፤ ከጭረቱ በላይ ባለቤቷን የሚያሳውቅ ምልክት። ስም አይጻፍም፤ ባለዕዳዋም አበዳሪውም ማንበብ አይችሉምና። ሒሳብ ሹሙ ሲመጣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ጭረቱም ግድግዳ ተደግፎ ይሰወራል። ነዳጅ በራሽን በነበረበት ጊዜ ደግሞ ናፍታ ያመጣው ሰው ከሙሽራ ይበልጥ ይታጀባል።

ጋሼ ሞተሪስት ወዳገሩ ከተመለሰ ወዲህ ከናፍታ ሌላ ሞተር የነካው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱኑ እስካሁን ያወራዋል። ቡታጅራ ያለ አማቹ አማልዶት ወደ ዝዋይ ተወሰደ። ከኋላዋ ሞተር የተንጠለጠለባት አሮጌ ጀልባ እምቢ ብላ ነበር፤ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም ሰው የምታደርስ። እንዲህ ያለውን ተንጠልጣይ ሞተር ትውልደ ኖርዌይ አሜሪካዊው ኦሌ ኤቭንሩድ በፈረንጆቹ 1909 ለገበያ አውጥቶት በዓለም ታውቋል፤ ጋሼ ሞተሪስት ግን ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ናፍታ አይጠጣም፤ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠዋል። ካንዴላውን ፈታው፤ ርሷል፣ ጠቁሯል፣ ዘይት ዘይት ይላል። «ዘይቱን በምን ትሰፍራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። በዓይን ግምት ነው አሉት። «እንግዲያ በሽታው ዓይናችሁ ነው» አለ። ካንዴላውን በእሳት አድርቆ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ፣ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፤ ተነሣ።

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ሞተሩ እያገሳ ጀልባዋ ቆመች። ከውሃ በታች ያለው ማራገቢያ ከሥራሥር ጋር ተጋጭቶ፣ ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ቀጭን ፒን ተቆርጣለች። ቀዛፊው ፒኗ ሰንካላ ናት ብሎ ሲራገም ጋሼ ሞተሪስት ተቆጣ። ሠሪው ሆን ብሎ ነዋ ደካማ ያደረጋት! እሷ ባትቆረጥ ጥርሱ ሁሉ ይረግፍ ነበር። የእኛም ቺንጋ ድንጋዩ ሲነክስ የሚንሸራተተው ለዚሁ ነው። ከጀልባዋ ጣውላ ሚስማር ነቅሎ፣ ልክ ቆርጦ ሰካበት፤ ዳር ደረሱ። እምድብር ሲመለስ ግን የነገረኝ ሌላ ነበር። ያ ሞተር የሚቀዘቅዝበትን ውሃ የሚጠጣው ከሚንሳፈፍበት ሐይቅ ነው። «እዚያ ብትወለድ ኖሮ» አለኝ ጀሪካኔን እያየ፣ «አንተ ሥራ ፈት ነበርክ።»

ይህን ሁሉ ስል ዘመኑ ጣፋጭ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ቺንጋው አጥር አልነበረውም፤ ነጠላ ይጎትታል፣ ጣት ይወስዳል። በጭሱ ቤቱ ጠልሽቷል፤ ሰውም እያሳለ ነው የሚያወራው። ሌሊት ወረፋ የሚያድሩት፣ ጀርባቸው ላይ ሕፃን አዝለው ጆንያ የሚደገፉት ሁሌም ሴቶች ነበሩ። ጋሼ ሞተሪስትም ያንን ሁሉ ይለይ የነበረውን ጆሮውን ቀስ በቀስ ለሊስተሩ ገብሮታል። ከአንገት በላይ ጮኸን ካልነገርነው አይሰማንም፤ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ሲተክል ግን ከአጥንቱ ይሰማው ነበር። የመብራቱ ወፍጮ ሲመጣ የተደሰቱትን ሴቶች አልፈርድባቸውም።

አመጣጡ ደግሞ ቀስ በቀስ ነበር። መጀመሪያ የሕንድ ሊስተር ገባ፤ ራጅኮት በተባለችው የጉጃራት ከተማ በዚያው ንድፍ የሚቀጠቀጥ። ሲያዩት ያው ነው። ጋሼ ሞተሪስት ግን ሥራ ሳያስጀምረው ሆዱን ከፍቶ በናፍታ ያጥበዋል፤ ሲፈስ የቀረ የቅርጽ አሸዋ ውስጡ ይገኛልና። ያን ሳያደርጉ ያስነሡት ሰዎች ብሮንዚናቸውን ባጭር ጊዜ አስበሉ። ከዚያ የመብራት ምሰሶ መጣ። የእኛው ወንዝ ዋቤ ጊቤ ይገባል፣ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋቱ የጊቤ 3 ኃይል ማመንጫ ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ በጀሪካን ለሞተር አመላልሰው የነበረው ውሃ ዛሬ በሽቦ ተመልሶ በርበሬ ይፈጫል። ዱቄቱ ይልማል፣ ማስፈጫው ይረክሳል፣ ማንም በጭስ አይታፈንም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የመብራቱ ሞተር ሲታመም የሚያሳየው ነገር የለም፤ ሽታ ይሰጣል፣ ይቆማል፣ ጥቅልሉ ተቃጥሏል ይባላል፣ በባጃጅ ወደ ወልቂጤ ይወሰዳል። ደጅ የተሰለፈው ሰው መርፌዋ ትወርድ እንደሆነ ዓይኑን አይተክልም። እልል የሚባልለት ነገር የለውም።

ሊስተሩ ግን አልተሸጠም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ ተደፍቶበት ተቀምጧል። ጋሼ ሞተሪስት እንዳይነክስ እያለ አልፎ አልፎ ዘይት ጠብ አድርጎ ቮላኖውን በእጁ ያዞረዋል። ባለፈው የመስቀል ሰሞን እዚያ ነበርኩ። ገበያው እንደሞላ መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጆንያውን የያዘ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። አንዲት ወጣት ሴት ወጥታ ደጅ ፀሐይ የሚሞቀው ሽማግሌ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለች።

«ጋሼ! ያንን ሊስተር አስነሥተህ ብትገላግለንስ?»

«እ?»

«ሊስተሩን! አስነሣልን!»

ሽቅብ አያት። የማን ልጅ፣ የማን ምራት እንደሆነች ሲያስብ ጥቂት ቆየ።

«አስነሣዋለሁ» አለ። «በፊት ግን አማትሽ በሩ ላይ ያስጫሩትን የሦስት ቁና ማስፈጫ አምጪ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴቲቱ ግን የዋዛ አልነበረችም። «በሩንማ ማኅበሩ ሲፈርስ ነቅለው ወስደውት የለ!» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«በሩን ወሰዱት እንጂ እኔን አልወሰዱኝ። ሦስት ቁና ነው፤ አንዱ ቁና ደግሞ በርበሬ ነበር፣ እሱ ዋጋው ይለያል።»